አባ ካምሪ ወደ ብሩንሰን ካውንቲ የዘመቱበት ዜና

ጡረታቸው በጸና በአራተኛው ዓመት፣ የካምሪያቸው አራቱም ጎማዎች በአንድ ቀን በተለወጡ በሦስተኛው ወር፣ ከልጃቸው ጋር ቃል ባቋረጡ በሁለት ዓመት ከሦስት ወር፣ በወርኃ ሐምሌ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ባለ ሰባት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ፣ የፓርኪንግ ራምፕ፣ ዓቃቤ ኬላ የነበሩት፣ ሃያ ሰባት ክረምት በመስታወት ዳስ ተቀምጠው የጌታውንም የሎሌውንም መኪና እኩል ያስቆሙት፣ በመኪናቸው ስም አባ ካምሪ የሚባሉት አቶ በርሀ በብሩንሰን ካውንቲ ላይ ተነሡ።

ብሩንሰን ካውንቲ ማለት ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ፣ በምሥራቁ በቆሎ፣ በምዕራቡ አኩሪ አተር፣ በሰሜኑ በቆሎ፣ በደቡቡም አኩሪ አተር ሊዘራበት ታስቦ በቆሎ የተዘራበት አገር ነው። በዚያ አገር ተራራ የለም፤ ሰው ከፍ ማለት ሲያምረው የእህል ማከማቻ ይወጣል። ሕዝቡ ጥቂት ነው፤ ታሪካዊ ቦታዎቹ ግን ስድስት ናቸው። ጠላትም ወዳጅም እንዳይሳሳት፣ በዚህ መዋዕል ውስጥ ሰዓቱ ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነበረ። አቶ በርሀና ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቂ አክበረት የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በሚኒያፖሊስ የተወለደች፣ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረች። አባትየው ግን በሰፈራቸው በሴዳር ሪቨርሳይድ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ፣ በአሳንሰር ውስጥ ለሚገጥማቸው እንግዳም ጭምር፣ ልጃቸው ጠበቃ ልትሆን መሆኑን ሲያውጁ አምስት ዓመት ኖረው ነበር። ስለዚህ በፋሲካ ገበታ ላይ፣ በአሥራ ሁለት እንግዶች ፊት፣ ልጅቱ የብሩንሰን ካውንቲ ሙዚየም ኃላፊ ሆና መቀጠሯን ስትናገር የጎረሱት አልወርድ አላቸው። ከወረደላቸው በኋላም ጠረጴዛውን በእጃቸው መትተው እንዲህ ሲሉ አወጁ።

"ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላው ነገር ታሪክ አይባልም፤ ሐሜት ነው። አንቺም የገበሬ ዕቃ ጠባቂ እንጂ የታሪክ ሰው አይደለሽም።"

እንግዶቹ ሁሉ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። አክበረት "ኦኬ፣ ባባ" አለች። ካፖርቷን አንሥታ ወጣች። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። እናትና ልጅ በየወሩ በቡርንስቪል በአንድ የገበያ አዳራሽ ይገናኙ ነበር፤ አቶ በርሀም ይህን አያውቁም ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ወርቂ ወደ ቡርንስቪል በሚሄዱበት ቀን መኪናው ሁልጊዜ ነዳጅ ተሞልቶ፣ መስታወቱም ታጥቦ ይጠብቃቸው ነበርና ይህን እምነት ጸሐፊው አይጋራም።

እምዝ በሰኔ መጨረሻ ነገሩ ተቀሰቀሰ። የቀሰቀሱት አቶ ረሻድ ነበሩ። ረሻድ የወሎ ሰው፣ በፊሊፕስ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ የአባ ካምሪ የሃያ ዓመት ወዳጅ፣ ወዳጅነታቸውንም በነገር በመውጋት የሚገልጹ ናቸው። ዘወትር ከሰዓት በኋላ በሚቀመጡበት ሻይ ቤት አንዲት ቀጭን መጽሔት ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በሽፋኗ ላይ "የብሩንሰን ካውንቲ የታሪክ ፓስፖርት" የሚል ተጽፎባታል። ውስጧ ስድስት ባዶ ገጽ አለ፤ ለእያንዳንዱ ታሪካዊ ቦታ አንድ ገጽ፣ በየቦታው የሚመታ አንድ ማኅተም። ስድስቱን በአንድ ቀን ያስመታ ሰው ኩባያ ይሸለማል።

"ከቤተ መጻሕፍት አነሣኋት" አሉ ረሻድ። "ጀርባዋን እየው።"

አቶ በርሀ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። በጀርባዋ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ አዘጋጅ አክበረት በርሀ ይላል። የራሳቸው ስም ነው። ብዙ ጊዜ አዩት። ሻዩም ቀዘቀዘ።

"ስሜን ያለ ፈቃዴ አትመውታል" አሉ በመጨረሻ።

"የአባቷ ስም ስለ ሆነ ነዋ። የእኔን ትጻፍ?"

አቶ በርሀ ትግርኛቸውን ለቤት፣ እንግሊዝኛቸውን ለራምፕ፣ በልጅነታቸው በትምህርት ቤት የጠጡትን አማርኛቸውን ደግሞ ለአዋጅ ያስቀመጡ ሰው ናቸውና፣ ተነሥተው ቆሙ፤ በሻይ ቤቱ ለነበሩት ለስምንቱ ሰዎችና ሊሰማ ለማይፈልገው አስተናጋጅ እንዲህ ሲሉ አወጁ። "ስሜ የተጻፈበትን ነገር መርምሬ ማወቅ ግዴታዬ ነው። በመጪው ቅዳሜ እነዚህን ስድስት ቦታዎች በአንድ ቀን አያለሁ፤ ምንም የሚታይ ነገር እንደሌለባቸውም በዓይኔ አረጋግጬ እመለሳለሁ። የሚከተለኝ ይከተለኝ።"

የተከተላቸው ረሻድ ብቻ ነበሩ። የተከተሉትም ሲሳሳቱ ለማየት ነው።

በተባለው ቅዳሜ ከጧቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሠራዊቱ ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር ተሰለፈ። በፊት ወንበር አባ ካምሪ፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ከጎናቸው ፊታውራሪው ረሻድ፣ መንገድ የምትናገር ስልካቸውን እንደ ጋሻ አንግበው። በኋላ ወንበር ወይዘሮ ወርቂ፣ የስንቅና የትጥቅ አዛዥ፣ ሃያ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ አራት ጃንጥላና ማንም ያላዘዘውን አንድ ብርድ ልብስ ይዘው። ወይዘሮ ወርቂ በዚያች ጧት አዲስ ነጠላ ለብሰው ነበር። አባ ካምሪም ጢማቸውን ሁለት ጊዜ ተላጭተው ነበር። 

የመጀመሪያው ታሪካዊ ቦታ ዓሣ ነበረ። በአንድ ሐይቅ ዳር፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ የቆመ፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር የሆነ፣ አፉን የከፈተ ዓሣ። ሰዎች በአፉ ውስጥ ልጆቻቸውን እያስቀመጡ ፎቶ ያነሣሉ። አባ ካምሪ ዓሣውን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ በጣታቸውም አንኳኩት።

"ያረጀ ዓሣ ታሪክ ይሆናል ቢባል እሺ" አሉ። "ይህ ግን የሞተ እንኳ አይደለም። ያልኖረ ነው።"

ይሁን እንጂ ማኅተሙን ከመደቡ ሥር ካለው የፖስታ ሣጥን መሰል ነገር አውጥተው፣ በትንፋሻቸው ካረጠቡት በኋላ፣ በፓስፖርቷ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀጥ አድርገው መቱ። ጠርዙ እንዳይደበዝዝም ቀለሙ እስኪደርቅ ገልጠው ያዙት። ረሻድ ይህን አይተው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸውም ከነገራቸው ይልቅ ያሳክክ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ወፍጮ ይባላል። ከዓሣው በአሥራ አምስት ማይል ርቀት በኮረኮንች መንገድ ተጉዘው፣ አቧራ ጠጥተው ሲደርሱ ያገኙት በሣር መካከል የቆመ አንድ ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ላይ፣ እዚህ ወፍጮ ነበረ፣ ተቃጠለ፣ ተብሎ ተጽፏል። ወይዘሮ ወርቂ ዙሪያውን ተመለከቱና "የተቀረውስ?" ብለው ጠየቁ። የተቀረ የለም። አባ ካምሪ "የሌለ ነገር ለማየት ይህን ያህል ድራይቭ አድርጌ አላውቅም" ካሉ በኋላ የሌለውን ወፍጮ ማኅተም መቱ።

በሦስተኛው ቦታ ግን ሠራዊቱ መከራ አገኘው።

ሦስተኛው እስር ቤት ነው። ከቀይ ጡብ የተሠራ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ መናፈሻ ውስጥ የቆመ። በግድግዳው የተለጠፈው ጽሑፍ እንደሚለው በሠላሳ ዓመት ዕድሜው አሥራ አንድ ሰዎች ታስረውበት ስምንቱ አምልጠዋል። ረሻድ ይህን ሲያነቡ ሳቁ፤ "ይህ እስር ቤት ሳይሆን የእንግዳ ማረፊያ ነው" አሉ። ለልጆቻቸው የሚልኩት ፎቶ ይሆናቸው ዘንድም ወደ አንዱ ክፍል ገብተው የብረቱን በር በራሳቸው እጅ ዘጉ። በሩን አትዝጉ የሚለው ሰሌዳ በሩ ጀርባ ላይ ስለ ነበረ የታያቸው ከዘጉት በኋላ ነው።

በሩ አልከፈት አለ። ገፉት፤ ሳቡት፤ አባ ካምሪ በትከሻቸው መቱት፤ ትከሻቸውን አመማቸው። በመናፈሻው ውስጥ ሰው የለም። በእስር ቤቱ መግቢያ፣ ጠባቂዋ ለምሳ ስለ ሄደች በአሥራ ሁለት ሰዓት ትመለሳለች የሚል ወረቀት ተሰቅሏል። ጊዜው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር።

"በደርግ ዘመን እንኳ አልታሰርኩም" አሉ ረሻድ በብረቱ መካከል እያዩ። "በቀይ ሽብር አልታሰርኩም። በሱዳን በኩል ስወጣ አልታሰርኩም። አሁን በበቆሎ መካከል ታሰርኩ።"

አባ ካምሪም የጦር ምክር አደረጉ፤ ምክሩን የሰሙት ወይዘሮ ወርቂ ብቻ ነበሩ። ስድስተኛው ቦታ፣ ልጃቸው ያለችበት ሙዚየም፣ በአራት ሰዓት ይዘጋል፤ ገና ሦስት ቦታ ይቀራል። ስለዚህ ረሻድ ከእንቁላልና ከውኃ ጋር በሰላም ይቆዩ፤ ሠራዊቱ ቀሪውን አስመትቶ ሲመለስ ያስፈታቸዋል።

ወይዘሮ ወርቂ ባላቸውን አዩአቸው። "ሰው አሥረን እንሂድ?"

"እኛ አላሠርነውም። ራሱ ነው የታሰረው።"

"በርሀ፣ አራት ሰዓት ሆነ አልሆነ ምንህ ነው? ምንም የሚታይ የለም ብለህ የለም እንዴ?"

አባ ካምሪ ሄደው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሰዓታቸውንም እያዩ፣ ወይዘሮ ወርቂ የላጡላቸውን እንቁላል ለእስረኛው በብረቱ መካከል አቀበሉ። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ።

በአሥራ ሁለት ተኩል ጠባቂዋ፣ ማርሊስ የሚባሉ አሮጊት፣ ሣር በሚያጭዱበት ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጠው መጡ። የሆነውን አይተው "ኡፍ ዳ" አሉ። ይህ የሚኒሶታ አሮጊቶች የሐዘንና የድካም ቃል ነው፤ ወይዘሮ ወርቂ ግን "እሷም እንደኛው ኡፍ ትላለች" ብለው ወዲያው ወደዷቸው። ማርሊስ ቁልፍ አላወጡም። በሩን ከታች በጫማቸው አንድ ጊዜ ረገጡት፤ ተከፈተ።

"አታስብ" አሏቸው ለረሻድ። "በዚህ ሰመር አንተ አምስተኛው ነህ።"

ፊታውራሪው ነጻ ከወጡ በኋላ እስከ አራተኛው ቦታ ድረስ ፊታቸውን አኮሳትረው ተጓዙ። አራተኛው ክብ በረት ነበረ፤ ሰይጣን የሚደበቅበት ማዕዘን እንዳያገኝ ክብ ተደርጎ ተሠራ የተባለ። አባ ካምሪ ሰይጣን ሌላ ቤት አጥቶ ላሞች ዘንድ ለምን እንደሚደበቅ ለመጠየቅ ሰው ፈለጉ፤ አላገኙም። ረሻድ ቅብላውን በስልካቸው አረጋግጠው በበረቱ ጥላ ሥር ዙሁር ሰገዱ። ሲጨርሱ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። አራተኛው ማኅተም በተመታ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ ተስፋም ነበረ።

አምስተኛው ቦታ የግንድ ጎጆ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ምድጃ፤ ዙሪያው በነጭ አጥር ታጥሮ። በበሩ በስተ ቀኝ የቆየ ትልቅ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ በዚህ ካውንቲ የተሠራ የመጀመሪያው ቤት ይላል። በበሩ በስተ ግራ ደግሞ ትንሽ አዲስ ሰሌዳ አለ። አባ ካምሪ አዲሱን ጎንበስ ብለው አነበቡት። "ከዚህ ቤት በፊት እዚህ ቤቶች ነበሩ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዳኮታ ሰዎች በዚህ ወንዝ ዳር ለብዙ ትውልድ ይከርሙ ነበር። ይህን ጎጆ የሠራው ሰው በደብዳቤው እንደጻፈው የመጀመሪያውን ክረምት ያለፈው እነርሱ በሰጡት እህል ነው። እርሱ ከመጣ ከሰባት ዓመት በኋላ ከአገሩ ተባረሩ።" ሌላ ምንም የለም። ረሻድም አነበቡ፤ ለወይዘሮ ወርቂም ተረጎሙላቸው።

ጎጆውን የሚጠብቁት ዱዌይን የተባሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። እንግዶቹ በአዲሱ ሰሌዳ ዘንድ ሲዘገዩ አይተው ቀረብ አሉ፤ በእጃቸውም ወረቀት የታሰረበት ጣውላ ይዘው ነበር።

"እሱን ተዉት፤ ይነሣል" አሉ። "አዲሷ ልጅ ናት ያቆመችው። ከዚህ አገር አይደለችም። የጎጆው ባለቤት የእኔ ቅድመ አያት ነው። ሰሌዳው እንዲነሣ ፊርማ እያሰባሰብን ነው፤ በመስከረም ለሙዚየሙ ቦርድ ይቀርባል። ጎብኚም መፈረም ይችላል።" ይህንም ብለው ጣውላውንና ብዕሩን ለአባ ካምሪ ዘረጉ።

አባ ካምሪ ተቀበሉ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። አርባ ሦስት ስሞች ነበሩ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበቡ። የሦስት ሰዓት መሆን ግድ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚያነብ እንደዚያ አነበቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ እርሳቸው በሻይ ቤት ሲናገሩ የኖሩት ነገር፣ ልጅቱ ለሥራው እንደማትሆን፣ እዚህ ወረቀት አናት ላይ በሌሎች እጅ ተጽፎ አገኙት። ጆሯቸው ቀላ።

"የጻፈችው ውሸት ነው?" ብለው ጠየቁ በእንግሊዝኛ።

ዱዌይን አሰቡ። "ውሸት አልልም። ደብዳቤው አለ።"

"ታዲያ?"

"ማን ጠየቃት?"

በዚህ ጊዜ አባ ካምሪ ኮፍያቸውን አወለቁ። እንግሊዝኛቸው የራምፕ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭርና የማያሻማ። ንግግሩም ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው። "ሚስተር፣ እኔ ራምፕ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። መኪናውን ሊያወጣ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ አሁን ገና ነው የገባሁት ይላል። ማንም ከእኔ በፊት አልነበረም ይላል። እኔ አልከራከርም። ትኬትህን ስጠኝ እላለሁ። ትኬቱ ማን በስንት ሰዓት እንደ ገባ ይናገራል። ይህች ሰሌዳ ትኬት ናት። ትኬት ይነሣልኝ የሚል ሰው ደግሞ ምን እንደሚፈልግ እኔ አውቃለሁ። የጻፈቻት ልጄ ናት።"

ጣውላውንም ሳይፈርሙ መለሱ። ወይዘሮ ወርቂ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አደረጉ፤ ባላቸው ልጄ ሲሉ የሰሙት ከዚያ ፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ረሻድ ወደ ወንዙ ዞረው ቆሙ።

ዱዌይን ጣውላውን በብብታቸው ሸጉጠው "ዌል፣ ያ ለየት ያለ ነው" አሉ። ይህ ቃል በሚኒሶታ ከስድብ ይልቅ ይከፋል። ነገር ግን ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ኩሩ ነበሩ እንጂ፤ እንግዶቹ ሳይገባቸው እንዳይሄዱ ብለውም የጎጆውን ግንድ አንድ በአንድ፣ የትኛው ከየት እንደ ተቆረጠ፣ ቅድመ አያታቸው የትኛውን ሲያነሣ ወገቡን እንደ ታመመ አስረዱ። አባ ካምሪም ሽማግሌ ሲናገር ትቶ መሄድ ነውር ነውና ቆመው ሰሙ። ግንዶቹ ስድሳ ሁለት ነበሩ። ያ ወረቀት በመስከረም ለቦርዱ ቀርቦ በአራት ድምፅ ለሦስት ወደቀ። የአባ ካምሪ ንግግር ለዚህ ያደረገው አስተዋጽኦ እንደሌለ ጸሐፊው በሐዘን ይመሰክራል፤ ቦርዱ አልሰማውም።

ከጎጆው ሲወጡ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ሆኖ ነበር። ሙዚየሙ አሥራ አራት ማይል ይርቃል። አባ ካምሪ በሕይወታቸው ከተፈቀደው ፍጥነት አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ በዚያችም ቀን አላለፉም። ከአንድ ትራክተር ኋላ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሲያዘግሙ ረሻድ "ቅደመው" አሉ፤ "መስመሩ ቢጫ ነው" አሏቸው አባ ካምሪ።

ሙዚየሙ የቀድሞ ባቡር ጣቢያ ነው። ሲደርሱ አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ነበር። አክበረት ቁልፍ በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከስታ ነበር፤ ፀጉሯንም አሳጥራው ነበር። አባቷ ከመኪናው ወጥተው፣ ኮፍያቸውን በአንድ እጅ፣ ፓስፖርቷን በሌላ እጅ ይዘው ሲመጡ አየች። አልተንቀሳቀሰችም።

"ባባ" አለች። "ዊ አር ክሎዝድ።"

"ሰባት ደቂቃ ነው" አሉ አቶ በርሀ።

"አንተ ራምፕ ላይ ሰባት ደቂቃ ያሳለፈን ሰው ምን ታደርገው ነበር?"

አቶ በርሀ መዋሸት አይችሉም። "የሙሉ ሰዓት አስከፍለው ነበር።"

"እኮ" አለች አክበረት። ቁልፉንም አዞረችው። "ነገ በዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል።"

ረሻድ፣ ነገ ሱቃቸውን የሚከፍት ሰው እንደሌለ አስታወቁ። ወይዘሮ ወርቂ ማንንም ሳይሰሙ ልጃቸውን አቅፈው ነበር። አቶ በርሀ ግን ፓስፖርቷን በደረት ኪሳቸው አኑረው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ ድምፃቸው ግን ለአዋጅ የሚበቃ አልነበረም። "እንግዲያው እስከ ነገ እንጠብቃለን። በሕግ የተዘጋ በር በሕግ ይከፈት።"

ያንን ምሽት በአክበረት ትንሽ ቤት አረፉ። የቀረበላቸው፣ የአገሩ ሰዎች ሆትዲሽ የሚሉት፣ ድንች ላይ ድንች የተደረበበት ምግብ ነበር፤ ለረሻድ ሲባል ሥጋው ቀርቶ፣ ለአባቷ ሲባል በርበሬ ገብቶበት። አባ ካምሪ ሁለት ጊዜ ጨመሩ። ምግቡ ግን ታሪክ የሌለው መሆኑን ተናገሩ፤ አክበረትም "ሎንግ ስቶሪ፣ ባባ" አለች፤ ከዚያም ስለ አየሩ ተነጋገሩ። የማያጣላቸው ወሬ እርሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከዘጠኝ ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብለው አቶ በርሀ በሙዚየሙ ደጃፍ ተሰለፉ። ሰልፉ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በሩ ሲከፈት እንደ ማንም ሰው የአረጋውያን ትኬት ቆርጠው ገቡ፤ አክበረትም በደረቷ ስሟን ለጥፋ፣ እንግዳ እንደምታስጎበኝ አስጎበኘቻቸው፤ በእንግሊዝኛ ጀምራ በአማርኛ እየቀላቀለች፣ ቃል ሲጠፋት ወደ ትግርኛ እያለፈች። አርባ ደቂቃ ፈጀ። መቀመጫ የለም። የበቆሎ መፈልፈያ አሳየቻቸው፤ የስልክ ማገናኛ አሳየቻቸው፤ ከዚያም አርባ አንድ የቅቤ መናጫ ወደ ተደረደረበት ክፍል አስገባቻቸው።

"አንዱ አይበቃም?" አሉ አባ ካምሪ፤ በዚያች ጧት የተናገሩት የመጀመሪያው ንቀት ነበር።

"ሰዎች ያመጡልናል። እናታቸው ስትሞት ያመጡልናል። አልፈልግም ይባላል?" አለች። ከዚያ ወደ አንዱ እያመለከተች፣ "የዚህች ባለቤት በሕይወት አለች። የዘጠና አራት ዓመት ሴት ናት። በየሐሙሱ ከአረጋውያን ቤት ትመጣና እጀታዋን ይዛ ትቆያለች። ወንበር ከቢሮዬ አመጣላታለሁ።"

"ምን ትላለች?"

"ምንም። ትቀመጣለች። እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ።"

አቶ በርሀ መናጫዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እጀታዋ በአንድ ወገን ተበልቶ፣ እጅ የሚያርፍበት ቦታ አብረቅርቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ያልጠየቁት ነገር አልነበረም፤ መናጫው ከምን እንጨት እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ባልየው ምን እንደ ነበረ። አክበረት የማታውቀው ጥያቄ ሲገጥማት አላውቅም አለች፤ አባቷም በዚህ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጨረሻ ማኅተሙን መታችላቸው። ኩባያው ግን ስድስቱን በአንድ ቀን ላስመታ ሰው ብቻ ነውና አልሰጠቻቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። ወደ መውጫው ሲሄዱ የጎብኚዎች መዝገብ ተዘርግቶ አገኙ። ለስም፣ ለመጡበት ከተማና ለአስተያየት የሚሆን ቦታ አለው። ከላያቸው ከአዮዋ የመጡ ባልና ሚስት ቆንጆ ነው ብለው ጽፈዋል። አቶ በርሀ ብዕሩን አነሡ፤ ጽፈው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ወደ መኪናው ሄዱ፤ ሞተሩንም አስነሡ።

አክበረት ቀርባ አየች። በፊደል የተጻፈ ነበር። ማንበብ የምትችለው እያንዳንዱን ሆሄ በጣቷ እየተከተለች ነውና ጊዜ ወሰደባት። እናቷ ከኋላዋ ቆመው አልረዷትም። እንዲህ ይላል፦ "ልጄን ለማየት መጣሁ። ሥራዋን ታውቃለች። ወንበር ጨምሩ።"

እንግዲህ የአባ ካምሪ ሥራ ይህ ነው። ከተማ አልያዙም፤ ምርኮ አላመጡም፤ የማረኩት ሰው ቢኖር የራሳቸው ፊታውራሪ ነው፤ እርሱንም አሮጊት በጫማ አስፈታችላቸው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ አምስት ቦታ በአንድ ቀን ለናቁት፣ ስድስተኛውን በእግራቸው ቆመው ለሰሙት፣ በቢጫ መስመር ትራክተር ላልቀደሙት፣ ለዓቃቤ ኬላው ለበርሀ። ስለ ብዙ ነገሥታት ብዙ ተጽፏል፤ ወንዝ ተሻገሩ፣ ምሽግ ሰበሩ፣ ግብር አገቡ ተብሏል። ከእነርሱ መካከል ግን የልጁን ሥራ ለማየት ማልዶ ተሰልፎ፣ በሩ እስኪከፈትለት የቆመ አንድ ስንኳ መኖሩን ጸሐፊው በመዛግብቱ ሁሉ ፈልጎ አላገኘም።